የተወለወለው መስታወት

ብርሃን ሲያጠኑ የሸበቱ አንድ መምህር ነበሩ፤ ሸዋንግዛው ይባላሉ። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የእህታቸውን ዓይን ማትረፍ። በትውልድ ከተማቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሕመሙን ለመለየት ደግሞ አረንጓዴ ጨረር የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። መምህሩ ዓይን የማያየውን የሌዘር ብርሃን በወፍራም ክሪስታል እያሳለፉ አረንጓዴ ያደርጉታል። ምን ዋጋ አለው! መሣሪያው ወደ እህታቸው ከተማ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጮ ሲደርስ ክሪስታሉ ተሰንጥቆ ይገኛል።

አንድ ቀን ተማሪያቸው ትርንጎ ትንሽ መስታወት ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ክሪስታሉን ይተዉት። እዚህ ላይ ከፀጉር በጣም የሳሳ ሽፋን አለ፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ምሰሶዎች ደርድሬበታለሁ። ብርሃኑን የሚለውጡት እነሱ ናቸው።"

"አይ ልጄ! ወፍራሙ ያቃተውን ይቺ ልትችለው?" ብለው ሳቁ። ቢሆንም የእህታቸው ነገር አላስችል አላቸውና "እሺ፣ አስቀምጪውና ነገ እንሞክረዋለን" አሉ።

በማግስቱ ሞከሩት። ምንም የለም። ትርንጎ ግራ ገብቷት መስታወቱን በማጉያ ብታየው ምሰሶዎቹ ተጠርገው ጠፍተዋል።

"ጋሼ፣ ነክተውታል እንዴ?"

"ኧረ ወልውዬዋለሁ እንጂ! ፊቱ ደብዘዝ ቢልብኝ ቆሻሻ መሰለኝ።" ዕድሜ ልካቸውን ክሪስታል ሲወለውሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የማያብረቀርቅ ነገር አይወዱም።

"ወይኔ ልፋቴ! ቆሻሻ ያሉት እኮ ሥራው ራሱ ነበር" አለች።

መምህሩ አፈሩ። የእህታቸውን ተስፋ በገዛ እጃቸው እንደጠረጉት ገባቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እባክሽ ሌላ ሥሪ" ብለው ለመኗት።

ሌላ ሠራች። መምህሩ በዚህ ጊዜ እጃቸውን ስላላመኑት መወልወያ ጨርቃቸውን ለትርንጎ አስረክበው ተቀመጡ። የማይታየው ብርሃን በዚያ ስስ ሽፋን አለፈና ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ታየ። ሽማግሌው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

መስታወቷ በክሪስታሉ ቦታ የተገጠመችበት መሣሪያ መንገዱን ችሎ ደረሰ። የእህታቸው ሕመምም ሳይብስ ታወቀና መታከም ጀመሩ።

"ዓይኔን ያተረፈችው ይቺ ናት እንዴ?" አሉ እህት፣ መስታወቷን ጠጋ ብለው እያዩ።

"አዎ እታለም፣ የመጀመሪያዋን ግን እኔው ወልውዬ አጠፋኋት" አሉ መምህሩ።

ወዳጆቼ፣ ልጃችንን፣ የትዳር ጓደኛችንን፣ ባልደረባችንን "ላስተካክል" ብለን እንፈትጋለን። ሻካራ የመሰለን ነገር ግን የዚያ ሰው ጸጋ ሊሆን ይችላል። ከመወልወላችን በፊት "ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?" ብለን እንጠይቅ። እናንተስ ዛሬ ጨርቅ ይዛችሁ የቆማችሁት ማን ፊት ነው?