የሊቀ መኳሱ ፊት

አንድ ቀራጭ ነበረ። ምስል በጠንካራ እንጨት ላይ ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ በብራና ላይ ያትማል፤ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ አስጠሩትና፣ «ጠላቴን ድል የነሣሁበትን ቀን ቅረጽልኝ። ዘውዴም፣ ካባዬም፣ ጋሻዬም አንድ ሳይቀር ይታይ» አሉት።

ቀራጩ ውጊያው ላይ አልነበረም። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ጠባቂ በጅሮንድ በዚያ ቀን የተለበሰውን ሁሉ አምጥተው ፊቱ ዘረጉለት። በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ፣ ብር የተለበጠ ጋሻ፣ ከሥር የሚለበስ የብረት ጥሩር። ቀራጩ አሠራሩን ለማየት ጥሩሩን ሲያገላብጥ በግራ ጎኑ በኩል ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ። ጦር የበሳው ቀዳዳ ነበር። ካባውንም ቢያይ እዚያው ቦታ ላይ በጥንቃቄ ተሰፍቷል፤ ደሙ ግን ታጥቦም አልለቀቀ።

«ንጉሡ ቆስለው ነበር እንዴ?» አለ።

በጅሮንዱ ወደ በሩ ዘወር ብለው አዩ። «ንጉሡንስ እሾህም አልነካቸው። የሊቀ መኳሱ ደም ነው። የዚያን ዕለት እሱ የንጉሡን ልብስ ለብሶ በንጉሡ ፈረስ ተቀመጠ። ንጉሡ የእግረኛ ልብስ ለብሰው ከሰልፉ መካከል ገቡ። ጠላት ንጉሡን ያገኘ መስሎት እሱ ላይ ሲጎርፍ የእኛ ሰዎች በጎን መቱት፤ ድል ሆነ፤ እሱ ግን እዚያው ወድቆ ሞተ። ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ብቻ ማንም አያነሣውም።»

ቀራጩ ቤቱ ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ካባውን ቀረጸ፣ ጋሻውን ቀረጸ፣ ዘውዱን ቀረጸ። ፊቱ ጋ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። የንጉሡን ፊት ቢያደርግ የሟቹን ደም መካድ መሰለው፤ የሟቹን ቢያደርግ ደግሞ አንገቱን ለጎራዴ መስጠት ነው። ሦስት ቀን እንጨቱን በጨርቅ ሸፍኖ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ የሊቀ መኳሱን ሚስት አፈላልጎ አገኛቸው።

«እመቤቴ፣ የባለቤትዎ መልክ እንዴት ነበር?»

«ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የለም» አሉት። «ግንባሩ ሰፊ ነው። የግራ ቅንድቡን በልጅነቱ ፈረስ ረግጦት ተከፍሏል። ደግሞ ሲፈራ ፈገግ ይላል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ፈገግ ብሎ ነው የወጣው።»

ቀራጩ ተመልሶ ያንን ፈገግታ ቀረጸ። ንጉሡንም ተራ የቆዳ ጋሻ አስይዞ ከእግረኞቹ መካከል አቆማቸው።

ምስሉ በመኳንንቱ ፊት ተገለጠ። አንዱ መኰንን፣ «ምን ያለ ድፍረት ነው! ዘውዱን ለማን ነው የጫንኸው?» ብሎ ተነሣበት። ንጉሡ ግን እጃቸውን አንሥተው ሰውየውን ዝም አሰኙና ብዙ ጊዜ ምስሉን ተመለከቱ። ኋላም ጣታቸውን ባለ ቆዳ ጋሻው ላይ አሳረፉ።

«ልክ ነው፤ እኔ የቆምሁት እዚህ ነበር» አሉ። «ያን ዕለት ልብሴን አውልቄ ስሰጠው ቀለለኝ። እሱን ምን እንደ ከበደው ግን አልጠየቅሁም። ሰው ሲያወድሰኝም አልዋሸሁም፤ ዝም አልሁ እንጂ።» ወዲያው የሟቹን ሚስት አስጠርተው በቀኛቸው አስቀመጧቸው፤ የባላቸውም ስም በሠራዊቱ ፊት ጮክ ተብሎ ተጠራ።

እንግዲህ ልጄ ባላምባራስ፣ «ለአዲሱ ድልድይ የደከመው ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው፣ አሁን የተሻረው ሹም ነው፤ ሕዝቡ ግን የሚመርቀው እኔን ነው። ዝም ብል ዋሸህ እባላለሁ ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሕዝቡ ያለበሰህ ምስጋና የሰውየው ካባ ነው፤ ዝም ባልህ ቁጥር ለብሰኸው ትሄዳለህ። ንጉሡም ዝም እንጂ ሌላ አላሉም ነበር። አንተ ግን ከእሳቸው ይልቅ ዕድለኛ ነህ። ሂድ፤ እጁን ይዘህ ሕዝቡ ፊት አቁመው። የንጉሡ ሰው ስሙ ሲጠራ አልሰማም፤ ያንተ ሰው ገና ጆሮ አለው።