የኩሬው ልክና የዝሆን ድርሻ

ተረት ተረት ስላችሁ «እንሰማለን» በሉ። በድርቅ ዘመን አራዊት ተሰብስበው፣ የሚጠጡበት ኩሬ ውሃ በመካከሉ ካለው ጥቁር ድንጋይ በታች እንዳይወርድ በአንድ ድምፅ ማሉ። ገና እግር ያላበቀሉ ልጆቿን ከድንጋዩ ሥር ያኖረች እንቁራሪት ግን ልቧ አላረፈም።

«አያ ዝሆን፣ መሐላው የሁላችን ነው፤ የእርስዎ ድርሻ በቀን ስንት ኩምቢ ነው?» ስትል ጠየቀች።

ዝሆንም፣ «እመት እንቁራሪት፣ ጉባኤ የማለውን አንቺ በኩምቢ ልትሰፍሪው ነው? ይልቅ ዝንጀሮዎቹን ጠይቂ፤ እነርሱ መንጋ ናቸው!» ብሎ ሳቀባት።

ሁሉም ሌላው ይቆጥባል እያለ እንደ ልማዱ ጠጣ። በሰባተኛው ቀን ኩሬው ደረቀ።

አራዊት ከዳር ቆመው «መሐላውን ያፈረሰ ማን ነው?» እያሉ ተጯጯኹ፤ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ዝሆን ነበር። እንቁራሪት ቀና ብላም አላየቻቸው፤ ከተሰነጠቀው ጭቃ ውስጥ የማይንቀሳቀሱ ልጆቿን አንድ በአንድ ትለቅም ነበር።