ከሜዳ የተባረረው መቺ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ወልደሰንበት።

ይህን ያሉት ለሽመክት ነው። ሽመክት የከተማይቱ የወጣቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። አጥቂው ጎል ማግባት ካቆመ ከርሟል፤ ደጋፊው ደግሞ ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር «ይውጣ! ይውጣ!» እያለ ይጮኻል። ሽመክት መላው ቢጠፋው ፊደል ያስቆጠሩት መምህሩ ዘንድ መጥቶ፣ «የኔታ፣ አልሆን ያለውን ተጫዋች እስከ መቼ ነው የምታገሠው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም መልሱን በዚህ ሰው ጀመሩ።

ሰውየው ገበሬ ነበር፤ የላይ መንደር ሰው። በየዓመቱ ለገና በዓል የላይ መንደርና የታች መንደር ሰዎች ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ይገናኙና እሩር የምትባለውን ድቡልቡል የእንጨት ኳስ በቆልማማ ዱላ ይመታሉ። እሩሯን ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ መንደር ያሸንፋል። ይህ ገበሬ ሲመታ ድምፁ ራሱ የተለየ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው እንኳ «እሱ ነው የመታው» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ግን፣ ከባላጋራው ወሰን አፋፍ ላይ እሩሯ እግሩ ሥር መጥታ ቆመች። ከፊቱ ማንም አልነበረም። መታና ሳታት። የላይ መንደር ተሸነፈ። በሚቀጥለው ገናም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እሩር ወደ እሱ ስትመጣ እጁ ያመነታ ጀመር። ቀድሞ ስሙን እየጠሩ ይዘፍኑለት የነበሩ ሰዎች መሳቂያ ግጥም አወጡለት። በተከታዩ ዓመት ጨዋታው ሳይጋመስ ሕዝቡ «አስወጡልን!» ብሎ ጮኸ።

የቡድኑ አለቃ አንድ ባለጸጋ ነበር። ገበሬውን ይወደዋል። ነገር ግን ጩኸቱን ፈራና ሜዳው መሐል ገብቶ፣ «ዱላህን አምጣና ውጣ» አለው። ሰውየው ሰጠው። ዳገቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው አልወረደም። ገና በመጣ ቁጥር ግን እህል አይበላለትም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይቆማል። ከዚያ ሜዳው አይታይም፤ ጩኸቱ ብቻ በነፋስ ይመጣል። እሩር ስትመታ በሰማ ቁጥር ቀኝ እጁ ሳያዝዘው ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ሚስቱ ተከትላው ወጣች።

«ምነው ወርደህ ብታይ?» አለችው።

«ማየት መች ናፈቀኝ?» አላት። «እዚያ መሐል ቆሜ አንዱ ‹ላንተ!› ብሎ እንዲያቀብለኝ ነው የናፈቀኝ።»

ሴትየዋ አጠገቡ ተቀመጠች።

ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። የላይ መንደር ወጣቶች ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን ወሰኑ አጠገብ ሲደርሱ አንዳቸውም አይመቱም። ለጓደኛቸው ያቀብላሉ፤ ጓደኛቸውም ለሌላው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ፣ በአንዱ ገና፣ አለቃው ተናዶ አንዱን ወጣት ጠራና፣ «ለምንድን ነው የማትመታው?» አለው።

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ብስትስ ጋሼ? ያን ሰው ያደረጋችሁትን አይቻለሁ» አለ።

 አለቃው ጨዋታው ሳያልቅ ሜዳውን ትቶ ዳገቱን ወጣ። ገበሬውን ጉብታው ላይ እንደ ቆመ አገኘው።

«ና፣ እንውረድ» አለው።

«እስታለሁ እኮ።»

«ሳት። እኔ አጠገብህ ነኝ።»

ወረደ። ሕዝቡ ሲያየው አጉረመረመ። አለቃው ዱላ አስያዘው፤ እሩር አቀበሉት፤ መታና ሳታት። ጩኸቱ ተነሣ። ይህን ጊዜ አለቃው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ዛሬ ከዚህ ሜዳ የሚወጣ ካለ እኔ ነኝ!» አላቸው። ጸጥ አሉ። እሩሯ እንደገና ለገበሬው ስትመጣለት መታት። ያ ድምፅ ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። እሩሯ ግን ወሰኑ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ሰውየው ሊደርስባት ሮጠ፤ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። እጁ ተመልሶለት ነበር፣ ዓመታቱ ግን አልተመለሱለትም። ያ ወጣት ከኋላ ቀድሞት ደረሰና ለማንም ሳያቀብል መታት። ወሰኑን አለፈች።

ሰዉ ወጣቱን ተሸክሞ ሲጨፍር ገበሬው ሜዳው መሐል ቆሞ ቀረ። አለቃው ቀርቦ፣ «ደስ አላለህም?» አለው።

«ደስ ብሎኛል» አለ። «ግን ጋሼ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡልኝ ኖሮ።»

የኔታ ይህን ብለው ወደ ሽመክት ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ያ አለቃ አንተ ነህ፤ ገበሬውም አጥቂህ ነው። ሲደክም ማሳረፍ፣ በቦታው ሌላ ማሰለፍ ሥራህ ነው፤ ማንም አይወቅስህም። አንድ ቀን ራሱ ‹በቃኝ› ቢልህ መርቀህ ሸኘው። ኳሷ እስከ ናፈቀችው ድረስ ግን ደጁን አትዝጋበት። ደጋፊው በእሱ ላይ ሲጮኽ ሌሎቹም እየሰሙ ነው፤ ነገ ኳስ እግራቸው ሥር ስትመጣ የሚያስታውሱት ያንን ነው። ደግሞም ሰው የሚሮጥበት ዘመን አጭር ነው። አንተ ጩኸት ፈርተህ የምታባክነው ጊዜ የእሱ እንጂ የአንተ አይደለም።»

ሽመክት መሬት መሬት አየ።

«ለመሆኑ ልጁ አሁን የት ነው?» አሉት።

«ቤቱ ነው የኔታ። ልምምድ መምጣት ትቷል።»

«ታዲያ አንተ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?» አሉት።