እመት አስካለ ከግራዝማች ጋር የተሻረኩ ጊዜ

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ነጋዴዎችን ስለ ውልና ስለ ሽርክና ሳስተምር፣ እነዚህን የእመት አስካለን ጨዋታዎች ለዓመታት ያወራኋቸው በአንድ ባላምባራስ ስም ነበር። አዳራሹን የሚሞላው ወንድ ስለሆነ፣ የሴት ወሬ ነው ብለው እንዳይንቁት ፈርቼ ነው። አክስቴ የነገረችኝ ግን እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን በይፋት ቆላ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፣ እመት አስካለ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ አሉ። ሀብታቸው አራት በቅሎ ብቻ ነው፤ እነሱ ከሄዱ እንጀራቸውም ሄደ ማለት ነው። አንድ ቀን ንፉጉ የጨው ነጋዴ ግራዝማች ወርቅአገኘሁ «ያንቺ በቅሎ የኔን ጨው ይጫንና እንሻረክ» አሏቸው። እመት አስካለም እሺ አሉ። ግራዝማች ጸሐፊ አስጠርተው «ትርፉ እኩል ይሁን፤ ኪሳራ ከመጣ ግን የአስካለ ብቻ» ብለው አስጻፉ።

«መልካም ነው ጌታዬ፤ እርስዎ የተሻረኩት ከትርፉ ጋር ነውና እሱን ያስጠሩትና ይፈርም፤ እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ።»

ግራዝማች አፍረው ሲያዙት፣ ጸሐፊው ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ የኪሳራውን ቃል ሰረዘው። ይሁን እንጂ በቅሎዎቹ የማን እንደሆኑ እንዲጻፍ ያስታወሰ አልነበረም። ውሉም አንድ ብቻ ተጽፎ ግራዝማች ቤት ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ የግራዝማች አሽከር እሸቴ ለእመት አስካለ ሁለት ሸክም ገለባ ሰጥቶ፣ በለውጡ አንድ ማሰሮ ማር ለጌታው ይዞ ሄደ። ማሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ግራዝማች «እኔ አልላክሁትም፤ ያለ ፈቃዴ ያደረገው ነው። ገለባዬን መልሺ» አሉ።

«በቅሎዎቼ ገለባዎን አሁን ባለበት ሁኔታ ይመልሱልዎታል፤ እርስዎም ማሬን እንደዚያው አድርገው ይላኩልኝ።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ግራዝማች «ትልቋን በቅሎሽን በአንድ ፍየል ልወስዳት ነው፤ እስከ ነገ ዝም ካልሽ እንደተስማማሽ እቆጥረዋለሁ» ብለው ላኩባቸው። እመት አስካለ መልእክተኛውን አረፍ በል እንኳ ሳይሉ መለሱት።

«እልፍኝዎን በአንድ ዶሮ ልወስደው ነው፤ እስከ ማታ ዝም ካሉ እንደተስማሙ እቆጥረዋለሁ ብላለች በልልኝ።»

የግራዝማች መልስ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ እየሮጠ ደረሰ ይባላል።

ከዚህ ወዲያ ግራዝማች ቂም ያዙ። ሽርክናውን አፈረሱና የነጋዴዎች ሹምና ዳኛ ከሆኑት ከነጋድራሱ ችሎት ቀርበው «ከአራቱ በቅሎ ሁለቱ ይገቡኛል» አሉ። ነጋድራሱ ደግሞ የግራዝማች አበልጅ ናቸው። «ውሉ የታለ?» ብለው ጠየቁ።

«ምስጥ በላው እንጂ፣ በቅሎዎቹ የጋራ ናቸው ይል ነበር» አሉ ግራዝማች።

ግራዝማች ያቀረቧቸው ሁለት ምስክሮችም የራሳቸው ጢሰኞች ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ የጌታቸውን እግር እያዩ፣ «አዎን፣ የጋራ ናቸው» አሉ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ ነጋድራሱ።

እመት አስካለም «የጋራ ከሆኑማ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት አራቱም ከነጋድራሱ የሽምብራ ማሳ ገብተው ቢሆንስ፣ ካሳውን ከግራዝማች ጋር እንዴት አድርገን እንካፈለዋለን?»

ነጋድራሱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ግራዝማች ግን ቀደሟቸው፦ «እኔ በቅሎ የለኝም። አራቱም የሷ ናቸው፤ ድሮም የሷ ናቸው። ትክፈል።»

ጸሐፊው ቃሉን ጻፈው። ነጋድራሱም ፊታቸውን ወደ እመት አስካለ አዙረው «እንግዲህ አራቱም ያንቺ ናቸው፤ ፈርጃለሁ። አሁን ንገሪኝ፣ ከማሳዬ ምን ያህሉን በሉት?» አሉ።

«ገብተው ቢሆንስ አልኩ እንጂ ገቡ አላልኩም ጌታዬ፤ በቅሎዎቼ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ደጅዎ ላይ እንደታሰሩ ናቸው።»

ይህን ሁሉ የሳቸውን ጨዋታ ለዚያ ባላምባራስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።