ከስም በፊት ጉርሻ

በድሮ ዘመን፣ ቅድመ አያቶቻችሁም ገና ሳይወለዱ፣ ውባለም የምትባል አሮጊት ነበረች። ደግ ነበረች፤ ግን ግትር! አንዴ “እምቢ” ካለች በበሬ ብትጎትቷትም አትነቃነቅም። ጓንጉል የሚባል ባለታንኳም ነበረ። አፉ ቅቤ ነው፤ ክንዱ ግን ሰነፍ። አንተ ማዶ ያለኸው፣ ወንድምህን መቆንጠጥ ተውና ስማ።

ውባለም የተወለደችው በትልቅ ሐይቅ ውስጥ፣ ከደሴቶቹ ሁሉ ርቃ በምትገኘው በሽመላ ደሴት ነው። በልጅነቷ እናቷ ሞተችባትና ዘመዶቿ ወደ የብስ ወስደው አሳደጓት፤ ዳሯት። ወለደች፣ ከበደች፣ ባሏንም ቀበረች። ልቧ ግን አንድም ቀን ከሐይቁ አልወጣም። ነፋስ የውሃውን ሽታ ሲያመጣላት ሥራዋን ጥላ ትቆማለች።

“አገሬን ሳላይ፣ እናቴን የሚያውቅ አንድ ሰው ሳላገኝ አልሞትም” አለች።

“አልሞትም ብሎ ነገር አለ እንዴ?” አሏት ጎረቤቶቿ።

“እንግዲያ ሞት ይጠብቀኛ!”

አንድ ማለዳ ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። “ልጄ ጓንጉል፣ ሽመላ አድርሰኝ። ይህ ጋቢ ያንተ ነው” አለችው።

ጓንጉል ጋቢውን አየና ወደደ። የውሃውን ርቀት አየና ጠላ። አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል፤ ከአገሯ ከወጣችም ስንት ዘመኗ! “ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል” አለ በልቡ። በአፉ ግን “ይግቡ እማማ፣ ይግቡ!” አለ።

ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ ቅርብ ያለችው ደሴት ላይ ደረሰ። በዚያች ደሴት የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በመላእክት ሥዕል ያሸበረቀ ነው።

“ደረስን እማማ! ሽመላ ማለት ይቺ ናት።”

የደሴቱ ሰዎች ሮጠው መጡ። “ማን ነሽ? ከየት ነሽ? ምን ፈልገሽ ነው?” አሏት።

ውባለም ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመችና ተመለሰች። “ውብ አገር ነው፤ የኔ ግን አይደለም። በኛ አገር ከውሃ የወጣ እንግዳ መጀመሪያ ይጎርሳል፤ ሳይጎርስ ስሙ አይጠየቅም። ውሃ ላይ የዋለ ሰው ምን ስም አለው? ስሙ ረሃብ ነው! በል ቅዘፍ።”

አሁን ልብ በሉ። ታንኳ የሚሠራው ሐይቅ ዳር ከሚበቅል ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለታንኳ ዳር በደረሰ ቁጥር ታንኳውን አውጥቶ፣ አቁሞ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ጓንጉል ግን ቶሎ ሊገላገላት ቸኩሏል። “ኋላ ይደርቃል” አለና ገፋው።

ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ የጥንት ነገሥታት ነጋሪት ወደሚቀመጥባት፣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ብራና ወደሚፍቁባት ደሴት ደረሰ። “አሁንስ ደረስን እማማ! ቅድም ተሳስቼ ነው።”

እዚህ አንዲት ሴት የተጠበሰ ዓሣ አጎረሰቻት። የውባለም ልብ ዘለለ! ሴትየዋ ቀጠለችና “የአባትሽ ስም ማን ነው?” አለቻት።

ውባለም አመስግና ተመለሰች። “በኛ አገር የሚጠየቀው የእናት ስም ነው። አባቶችማ ውሃ ላይ ናቸው፤ ቤቱን የያዘችው እናት ናት።”

“እማማ፣ ዘመኑ ተለውጦ ይሆናል እኮ!”

“ዘመኑ ይለወጥ። አንተ ቅዘፍ።”

ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፤ ታንኳው ግን ጠጥቶ ጠጥቶ ከበደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው! ዛፎቿ በሽመላ የነጡ ትንሽ ደሴት ፊት ለፊት ስትታይ ውሃው ወገባቸው ደረሰ።

“እማማ፣ እኔ ዋና አልችልም! ዋሽቼዎታለሁ፣ ይማሩኝ!” ብሎ ጓንጉል አለቀሰ።

“ባለታንኳ ሆነህ ዋና አትችልም? ጉድ ነው! መዋሸትህንስ ገና ቅድም አውቄዋለሁ። በል ደንገሉን አጥብቀህ ያዝ” አለችና አንገቷን ቀና አድርጋ ጮኸች። “ኧረ የሽመላ ልጆች! የሽመላ ልጆች፣ ድረሱልን!”

ታንኳዎች እየተሽቀዳደሙ መጡና ሁለቱንም ጎትተው አወጧቸው። የጓንጉል ታንኳና ያ የጓጓለት ጋቢ ግን እዚያው ሰጥመው ቀሩ።

ዳር ሲደርሱ ገና ልብሳቸው ሳይጨመቅ አጎረሷቸው። ጓንጉልንም አጎረሱት፤ ውሸታም ቢሆን እንግዳ ነዋ! ከዚያ አንድ ሽማግሌ “የእናትሽ ስም ማን ነው?” አላት።

“ይመኙሻል” አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይመኙሻልን የሚያውቅ አልነበረም። ቤቱ ሌላ ቤት፣ ፊቱም ሌላ ፊት ሆኗል። “የሚያውቋት ሁሉ አልፈው ይሆናል” አላት ሽማግሌው፣ ቀስ ብሎ። ውባለም መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ሆዴ ይባባል። ያን ሁሉ ዘመን የናፈቁት አገር “አላውቅሽም” ሲል ምን ይባላል?

ይኼኔ አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት በምርኩዝ እየዳበሰች መጣች። “ማን አላችሁ? ይመኙሻል? ያቺ ስትስቅ ስትስቅ መጨረሻ ላይ የምታስነጥሰው?”

ውባለም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቀችና፣ “እጥሺ!” አለች።

“እሰይ! እሰይ!” አለች ባልቴቷ፣ እጇን ዘርግታ የውባለምን ፊት እየዳሰሰች። “ይመኙሻል መጣች!”

ውባለም ከዚያ ወዲያ ወደ የብስ አልተመለሰችም። ጓንጉልም አዲስ ደንገል እያጨደ፣ እያደረቀ፣ እያሰረ ክረምቱን እዚያው ከረመ። ትንሽ ልቅዘፍ ብሎ ሐይቁን ሙሉ የቀዘፈ ሞኝ ተባለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አገሩን የናፈቀ ሰው ዓይኑ ቢደክም እንኳ አይታለልም፤ ድካም የሚሸሽ ውሸታም ደግሞ ድካሙን ያበዛል። የኔ ተረት በዚሁ ይብቃ፤ አሁን አንድ ጉርሻ ያለው ለአፌ ያቀብለኝ።