የነጣ ምላስ

በአንዲት ከተማ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ከከተማዋ መስጊድ ፊት ለፊት ነው። ረመዳን ሲገባ የሰባት ዓመት ልጁ ነስሩ የመጀመሪያ ጾሙን እንዲሞክር ፈቀደለት። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በቤት ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ይሆን ነበር። እሱ ግን ለጎረቤቱም ለደንበኛውም አወራ። ልጁ በሚጾምበት ቀን አብረውት እንዲያፈጥሩ ትልልቅ ሰዎችን ጠራ፤ ለልጁም ነጭ ጀለቢያ በልኩ አሰፋለት። የመጀመሪያዋን ቴምር አንሥቶ ማዕዱን የሚከፍተውም ነስሩ ነው አለ።

የነስሩ ታላቅ እህት ሲቲና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷም መጾም እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረችው።

«አንቺ እናትሽን አግዢ» አላት። «ያንቺ ይደርሳል።»

ሲቲና አልተከራከረችም። ሊነጋ ሲል ቤተሰቡ ለሱሁር ሲነሣ አብራ ተነሥታ በላች፤ ውሃዋን ጠጣች፤ የመጾም ሐሳቧን፣ ኒያዋንም፣ በልቧ ያዘች። ምን አሰብሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

በዚያች ከተማ የልጆች ጾም የሚመረመረው በምላስ ነው። የጾመ ምላስ ይነጣል፣ የበላ ምላስ ይቀላል ይባላል። ልጆች መንገድ ላይ እየተጠባበቁ አንዱ የሌላውን ምላስ ያያል። ነጋዴው ይህን የልጆች ጨዋታ ወደ ሱቁ አስገባው። ነስሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ለገባው ሁሉ ምላስህን አሳይ ይለዋል። አንዱ ማሻአላህ ይላል፤ ሌላው ጉንጩን ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ ዋጋ እንዲቀነስለት የሚፈልግ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያደንቃል። ነስሩ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ግን ምላሱን ባወጣ ቁጥር አፉ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ምራቅ ትደርቅበት ጀመር።

የዐስር ሶላት ሲቃረብ አባቱ ትንሽ እንዲያርፍ ወደ ቤት ላከው። ልጁ ቤት አልገባም። ጓሮ ሄዶ ከውሃው በርሜል አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ሲቲና ሳህን ልታጥብ ስትወጣ አገኘችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ በርሜሉ ላይ ነው።

«ጠምቶሃል?» አለችው።

ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት። ሲቲና በጣሳ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። አንዱን ጨርሶ ሌላ ለመነ። ሁለተኛውን ሲያጋምስ አንቺም ጠጪ ብሎ ጣሳውን ዘረጋላት፤ እሷ ግን ጾመኛ መሆኗን ነገረችው፤ ለማንም እንዳይናገርም አስጠነቀቀችው። ልጁ ማልቀስ የጀመረው ጥሙን ከቆረጠ በኋላ ነው። አባ ማታ በሰው ፊት ምላሴን ያያል አላት። ሲቲና ትንሽ አሰበችና እንግዶቹ ሳይገቡ ወደ ማድቤት እንዲመጣ ነገረችው።

ማድቤት ውስጥ እናትየው ሾርባውን እያማሰለች ነበር። ጨዉን እንድትቀምስላት ማንኪያውን ለሲቲና ሰጠቻት፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትጾሚም ብላ። ሲቲና ጾሜአለሁ አላለችም። በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ከበሩ ኋላ ተፋችና ጨው ይቀረዋል አለች። ሾርባው እርድ የበዛበት ስለነበር ምላሷ ቢጫ ሆኖ ቀረ። እናትየው ምንጣፍ ልታነጥፍ ስትወጣ ነስሩ ገባ። ሲቲና ከሳምቡሳው ዱቄት በጣቷ ቆንጥራ ምላሱን ቀባችው።

እንግዶቹ መጥተው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ሸኽ ሰልማን የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጋዴውን በልጅነቱ ቁርኣን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለአዛኑ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነጋዴው ልጁን ከነአዲሱ ጀለቢያው መሐል አቆመውና ቴምሯን አስያዘው። ነስሩ ምላሱን አወጣ። እንግዶቹ ወተት መሰለ ተባባሉ። አንድ ቀልደኛ ጎረቤት ሳህን ይዛ የገባችውን ሲቲናን አይቶ የአንቺንስ አላት። ልታልፍ ስትል አባቷ አሳይው አላት። አወጣች።

«ይቺማ የጾመችው ከድስቱ ጋር ነው» አለ ቀልደኛው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አባቷ አልሳቀም። ታናሽሽ ሲጾም አንቺ ድስት ስትልሺ ትውያለሽ፣ አታፍሪም ወይ አላት። ሲቲና ስለ ማንኪያው ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የምላሱ ወሬ ከቀጠለ የወንድሟን ምላስ ቀረብ ብሎ የሚያይ ይመጣል። ስለዚህ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ነስሩ እህቱን አየ። ቴምሯን ሳህኑ ላይ መለሳት።

«እኔ ውሃ ጠጥቻለሁ» አለ። «ይሄ ዱቄት ነው። የጾመችው እሷ ናት።»

ሳቁ ቆመ። እናትየው ከበሩ ላይ ሆና «ሾርባውን ስትቀምሺልኝስ?» አለች።

«ተፋሁት፣ እማ።»

የነጋዴው ፊት ጠቆረ። የታየው የልጆቹ ነገር ሳይሆን በሰው ፊት መዋረዱ ነው። ውሃውን ማን ሰጠህ እያለ ወደ ልጁ ሲራመድ ሸኽ ሰልማን ከዘራቸውን ከፊቱ ዘረጉ። የሰባት ዓመት ልጅ ውሃ ቢጠጣ አላህም አይጠይቀውም፣ አንተም ተወው አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጁ ድምፅ መለሱ።

«ነስሩ፣ ዛሬ ስንት ሰው ምላስህን አየ?»

ልጁ በጣቶቹ መቁጠር ጀምሮ አቃተው። «ብዙ» አለ።

«ጠምቶሃል ወይ ያለህስ?»

«ሲቲና።»

«ሌላ?»

«ሌላ የለም።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ነጋዴው እንደምንም ብሎ ቴምሯን ከሳህኑ አነሣና ለሴት ልጁ ሊሰጣት ዞረ። ሲቲና ግን ከቦታዋ የለችም። ማድቤት ገብታ፣ ለወንድሟ በቀዳችበት ጣሳ ውሃ ቀድታ፣ ብቻዋን አፍጥራለች። ሳትታይ ጾማ ሳትታይ አፈጠረች።

ጀለቢያው በነስሩ ልክ የተሰፋ ስለነበር ለእሷ አይሆናትም። የአባቷ ሱቅ እስከ ጣሪያው በጨርቅ የተሞላ ነው፤ ሆኖም ለእሷም ሌላ ይሰፋላት ያለ ሰው በዚያ ምሽት አልተገኘም።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሸኹን ጥያቄ ያደንቃሉ፤ እውነቱን በማውጣቱም ልጁን ያመሰግናሉ። ልጅቷን የሚያነሣት ጥቂት ነው። ልጅ ጾምን የሚማረው የተራበና የተጠማ ሰው ምን እንደሚሰማው እንዲያውቅ ነው። በዚያ ቤት ይህን ያወቀችው ማንም አስተማሪ ያልቆመላት ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ ሲመለከቱ የዋሉት የምላስ ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ አንድ ቁንጥር ዱቄት ይለውጠዋል። ነገሩ ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው ምላስ ማየት የማይችሉት ሽማግሌ መሆናቸውም አያስገርምም።

በእናንተ ቤት በሰው ፊት እየቆመ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ ሳታውቁት አትቀሩም። ዛሬ ሳይታይ የጾመውስ ማን ነው?