የማያንጠባጥብ ቀዳዳ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ ዛሬስ «የሽንኩርት መደብ» ብላችሁ ተቀበሉኝ።

ዕቃው ሁሉ አፍ፣ ቡቃያው ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ አዛሉ የምትባል ሴት በአንድ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ባሏ በክረምቱ ሞቶባታል። ትቶላት የሄደው አንድ ማሳ ሽንኩርትና አንድ የውሃ ፓምፕ ነው። ከሽንኩርቱ ሌላ ዓመቱን የሚያወጣት ነገር አልነበራትም። የፓምፑን ጠባይ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነበር፤ እሷ የምታውቀው ማረምና መኮትኮቱን ነው።

የበጋዋ ፀሐይ ስትበረታ ሽንኩርቶቹ፣ «እማ፣ ጠማን» አሏት።

አዛሉ ባሏ ሲያደርግ እንዳየችው የፓምፑን ክዳን ከፍታ ውሃ ሞላችበት፤ መልሳ ዘጋችና ገመዱን ሳበች። ፓምፑ ተነሣ። ውሃው መጣ፤ ቦዩን ጥቂት አራሰና ቀጥ አለ። ፓምፑ ብቻ በባዶ ሆዱ ይጮኻል።

አጠፋችውና፣ «ምነው ውሃውን ጣልከው?» አለችው።

«እኔ ምን ላድርግ፣ እሜቴ?» አለ ፓምፑ። «ያጎረስሽኝ ውሃ በሆዴ አልቆይ አለ። ወንዝ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ጠይቂው፤ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው።»

አዛሉ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ ገባች። መዝጊያውን ከቱቦው ጫፍ ላይ አገኘችው፤ አፉ ውስጥ ቅጠል ተሰንቅሯል።

«ከንፈሬን መግጠም አቃተኝ፣ እሜቴ» አላት።

ቅጠሉን አወጣችለት። ሞላች፣ ዘጋች፣ ሳበች። ውሃው መጣ፤ ቦዩን ጥቂት አራሰና ቀጥ አለ።

በማግስቱ ሽንኩርቶቹ ድምፃቸው ሰልሎ፣ «እማ፣ ጠማን» አሉ።

«እንግዲያ የክዳኔ ጎማ ይሆናላ» አለ ፓምፑ።

ጎማውን ብታየው እንደ አሮጌ ጫማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «አርጅቻለሁ፣ እሜቴ» አላት ጎማው፤ «አየር ሲገባ መከልከል አልቻልኩም፤ አየር ከገባ ደግሞ ፓምፑ ውሃ አይስብም።»

ካረጀ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጣ አዲስ ጎማ አበጀች። ሞላች፣ ዘጋች፣ ሳበች። ውሃው መጣ፤ ቦዩን ጥቂት አራሰና ቀጥ አለ።

አዛሉ ቦዩ ዳር ቁጭ አለች። «እሱ ቢኖር ያውቀው ነበር» አለች ለራሷ። ቆይታ ወደ ቱቦው ዞረች። «አንተስ? ቀዳዳ አለብህ?»

«እኔ?» አለ ቱቦው። «ዳብሺኝ እስቲ። ከእኔ አንዲት ጠብታ ስትወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዳበሰችው። ደረቅ ነው። አመነችው።

ከዚያ ወዲያ ውሃ በእንስራ ታመላልስ ጀመር። አንዱን መደብ ስታጠጣ ሌላው ይደርቃል፤ ወደዚያኛው ስትሮጥ ይሄኛው ይጠወልጋል። ሽንኩርቶቹ አሁን የሚናገሩት ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ ነው። እሷም ጎንበስ እያለች ትሰማቸው ነበር።

አንድ ጠዋት አቅሟ አልቆ እንስራዋን አስቀመጠችና ቱቦው አጠገብ ተዘረረች። ከቱቦው ሥር የምትኖር እንቁራሪት ብቅ አለች።

«እሜቴ፣ ፓምፑን ምነው ተውሽው? ሲሠራ እኮ ቱቦው እዚህ ጋ ያፏጭ ነበር። እሱን እየሰማሁ እተኛ ነበር።»

«ያፏጭ ነበር?»

«አዎ፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች እንቁራሪት።

አዛሉ ቱቦውን ገለበጠችው። ከሆዱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አየች።

«ጠብታ የለም ያልኩሽ እውነቴን ነው» አለ ቱቦው በቀስታ። «በእኔ አየር ይገባል እንጂ ውሃ አይወጣም። ከእኔ በፊት የነበረውን የተሰነጠቀ ቱቦ ባልሽ ቆርጦ ሲጥለው አይቻለሁ። ብናገር እኔንም የምትጥይኝ መሰለኝ።»

«እጠግንህ ነበር እኮ» አለችው።

ስንጥቁን በከመነዳሪ ጠቅልላ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ሞላች፣ ዘጋች፣ ሳበች። ውሃው መጣ። ቦዩን ሞላ፤ ቀጥ አላለም። ከመደብ መደብ እየተሻገረ ሄደ።

አዛሉ ወደ ማሳው ሮጣ ጎንበስ አለች። «ጠጡ፣ ልጆቼ» አለች። ቅጠሉ እንደ ገለባ መሬት ላይ ተኝቷል። አንዱን ብትይዘው እጇ ላይ ተፈረፈረ። ወደ ሌላው ሄደች፤ ደግሞ ወደ ሌላው። «ጠጡ» አለች ደግማ። የመለሰላት የለም።

ውሃው ማሳውን አልፎ መንገድ ላይ መፍሰስ ሲጀምር ተመልሳ ፓምፑን አጠፋችው።

ተረቴን እዚህ አኖርኩት፤ የሰማም በልቡ ያኑረው፦ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ራሱን ያሳያል፤ የሚስብ ቀዳዳ ግን የሚታወቀው ማሳው ሲደርቅ ነው።